ከኮሪደሩ የማይታየው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

በሕዝብ ጉዳይ ላይ ክርክር ሲሞቅ «በእኔ ደርሷልና አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ይነሣል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ አይመቸኝም። የደረሰበትን ሰው መስማት ግድ ነው፤ ነገር ግን መጀመር የሚገባው ጥያቄ እዚያው ላይ ይዘጋል።

አባቴ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ገንዘብ ላኩ፤ ገንዘቡም ያስፈልግ ነበር። ሥራዬን የተውኩት ግን እኔ። «አንቺ ታውቂበታለሽ» ተባልኩ፤ ምስጋና የመሰለ ትእዛዝ! የቤታችን ጉዳይ ነው ብዬ ቻልኩት፤ ኮሪደሩን ልብ ብዬ እስካይ ድረስ። በየበሩ የተቀመጡት አስታማሚዎች ከሞላ ጎደል ሴቶች ነበሩ፤ ልጅ፣ ሚስት፣ እህት፣ ምራት። ይህ ሁሉ ቤተሰብ ሳይመካከር እንዴት አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ? ዕጣዬ ነው ያልኩት ነገር የሥራ ክፍፍል ሆኖ ታየኝ፤ ደመወዝ የሌለው፣ ማንም በጀት የማይዝለት።

ኮሪደሩም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። አስታማሚ ያጣ በሽተኛ በር ላይ የተቀመጠለት ሰው ስለሌለ ከቁጥር አይገባም። ሥራዋን ብትተው ልጆቿ ጦማቸውን የሚያድሩባት ሴትም እዚያ አልነበረችም። እነሱን ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሜሪካዊቷ ጁዲ ሂውማን ትዝ ትለኛለች። በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት በዊልቸር ትንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ የመምህርነት ፈቃድ ተከለከለች፤ የእሳት አደጋ ቢነሣ ተማሪዎቿን ማስወጣት አትችልም ተብሎ። ከሰሰች፤ አስተማሪም ሆነች። እዚያ ላይ ብታቆም ማን ይወቅሳታል? በ1977 ግን ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው አንወጣም ካሉት መሪዎች አንዷ ነበረች። አብረዋት ማየት የተሳናቸውም፣ መስማት የተሳናቸውም ነበሩ። ጉዳታቸው አይመሳሰልም፤ የጠየቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገልሉ በ1973 የወጣው ሕግ ማስፈጸሚያ ደንቡ እንዲፈረም። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ፤ ተፈረመ።

እኔ ገና ደብዳቤ ላይ ነኝ። አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአስታማሚዎች ፈቃድ እንዲሰጥ እየጠየቅን ነው። ወንዶችም እንዲፈርሙ እፈልጋለሁ፤ ፈቃዱ ለሴቶች ብቻ ከሆነ የድሮው ክፍፍል በማኅተም ይጸድቃል። ደመወዙን ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም።