የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አሮጌው ሆሎው ቦዲ ጊታር መታደስ ይገባዋል?

ጥያቄ፦ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ሆሎው ቦዲ የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ከቤተሰብ ወርሻለሁ። ለብዙ ዓመታት የነካው የለም። ክሮቹ ከፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተሰለፉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በጣም ርቀዋል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ላሳድሰው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ የድምፁን መቆራረጥ ለጊዜው ይተዉት፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ነው። ውሳኔው ያለው እንጨቱ ላይ፣ በተለይም አንገቱ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው።

አዲስ ክር አስረው በትክክለኛው ድምፅ ይቃኙት። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ገላውን በሚነካበት ፍሬት ላይ ይጫኑና 7ኛው ፍሬት ላይ የሚቀረውን ክፍተት ይዩ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። የ10 ቁጥር ቀጭን ክር ውፍረት 0.25 ሚሊሜትር ስለሆነ ቁራጩ መለኪያ ይሆንዎታል። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ማለትም ትረስ ሮዱን፣ ክሮቹን ላላ አድርገው በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፤ መልሰው ቃኝተው ይለኩ። አልዞርም ካለ አያስገድዱት። ዘንጉ ከተሰበረ የጣት ሰሌዳውን ነቅሎ ማውጣት ይመጣል፣ ያ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው።

አንገቱ ቀጥ ካለ በኋላ ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድመው ገላው ላይ ክሮቹን ወደሚደግፈው ክፍል፣ ማለትም ወደ ብሪጁ፣ ያስጠጉ። ጫፉ ከብሪጁ አናት ጋር ሊመጣጠን ወይም ትንሽ ከፍ ሊል ይገባል። ከአናቱ በጣም ዝቅ ብሎ የብሪጁን ጎን ከመታ አንገቱ በክሮቹ ጉልበት ወደ ፊት ተስቧል። ብሪጁ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ ያንኑ ያረጋግጣል፤ ደህና የተስተካከለ ጊታር በወፍራሙ ክር 2፣ በቀጭኑ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ትረስ ሮድ አያድነውም። አንገቱ በእንፋሎት ተነቅሎ፣ መጋጠሚያው እንደገና ተቀርጾ ይጣበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብሪጁን መሞረድ ይመርጣል፤ በሽታው ግን እዚያው ይቀራል።

የገላውን የፊት ሽፋን ብሪጁ አካባቢ በጣት መገጣጠሚያ ያንኳኩ። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ከሥር ያለው ደጋፊ እንጨት ከኮላው ለቋል። የስልክ ካሜራና ትንሽ መብራት በድምፅ ቀዳዳው በኩል ሲገቡ በግልጽ ያሳያሉ። ይህ ይጠገናል፤ ሆኖም የድሮው ኮላ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ከሆነ በዚያው ዓይነት ሙቅ ኮላ ይሁን። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይያያዛል፣ ወደፊትም በሙቀትና በእርጥበት ይከፈታል። ኢፖክሲ የተባለው ሰው ሠራሽ ጠንካራ ኮላ ግን ቀጣዩን ጠጋኝ ያስለቅሳል።

እንግዲህ አንገቱ ደህና ሆኖ ችግሩ ፍሬት፣ መቃኛ ቁልፍና ሽቦ ብቻ ከሆነ ሳያመነቱ ያሳድሱት። አንገት መንቀል ካስፈለገ ጥያቄው «እጫወትበታለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ገላው ከተደራረበ ስስ እንጨት መሠራቱ ግን ተስፋ አያስቆርጥዎ፤ በ1949 የወጣው ዝነኛው ጊብሰን ኢ ኤስ 175 ሽፋኑ እንዲሁ የተደራረበ ነው።

ጥያቄ፦ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፑ ሞቷል ብለውኛል። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይለካ። ገመዱን መሰኪያው (ጃኩ) ላይ ሰክተው፣ ቮሊየሙን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ አንድ ፒክአፕ መርጠው በኤሌክትሪክ መለኪያ (ቴስተር) የገመዱን የሌላኛው ወገን መሰኪያ ጫፍና ዙሪያውን ይለኩ። ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያነባል። ምንም ካላነበበ፣ ወይም የቮሊየሙን ራሱን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ኦም ካነበበ፣ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይም ብየዳው ለቋል። ቮሊየሙ ከተዘጋ ግን ዜሮ ስለሚያነብ ጤነኛው ፒክአፕ ሞተ ይባላል፤ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። በእርግጥ ተበጥሶ ከሆነም የመጀመሪያውን ማስጠቅለል አዲስ ከመግዛት ይሻላል።

የቮሊየሙና የቶኑ መቆጣጠሪያዎች የሚወጡት በድምፅ ቀዳዳው ነው። ወደ ውስጥ ከመግፋትዎ በፊት እያንዳንዱ ዘንግ ላይ የስፌት ክር ይቋጥሩ፤ አለበለዚያ መልሶ ወደ ቀዳዳው ማምጣት ሰዓታት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፤ ላስቀባው?

መልስ፦ አያስቀቡት። የድሮ የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ በዕድሜው ይሰነጠቃል፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ ማለት አይደለም። ማስቀባት የጊታሩን ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል። በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ አልኮልና አሴቶን ቫርኒሹን ስለሚያሟሙ አያስጠጉ። ይልቅ የሚያሳስበው ከሴሉሎይድ የተሠራው የጣት መከላከያ ፕላስቲክ ነው። ከተፈረፈረ፣ የሚቆረቁር ሽታ ካለውና አጠገቡ ያለው ብረት ከዛገ ዛሬውኑ ፈትተው ከጊታሩ ያርቁት። የሚወጣው ጋዝ ብረቱን ይበላል፤ በቀላሉም ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቅ።