ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም

ሀ፦ ባለፈው ሳምንት «ለወጣቶች የሚጻፍ የፍቅርና የምስጢር ልብ ወለድ አልወድም» ብለህ አድማጮቻችንን አስቀይመሃል።

ለ፦ አሁንም አልወድም። ጓደኛ ያለ ጥፋቱ ይታሰራል፤ አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ፖሊስ ያላገኘውን ታገኛለች፤ እግረ መንገዷንም ፍቅር ይይዛታል። እንዲህ ያለ ነገር የት አለ?

ሀ፦ ለዚህ ነው «ፓንቺንግ ዘ ኤር»ን ያመጣሁልህ። በ2020 የወጣ፣ በግጥም የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ከኢቢ ዞቦይ ጋር የጻፈው ዩሴፍ ሰላም ነው።

ለ፦ ያለ ጥፋታቸው ከታሰሩት ከሴንትራል ፓርክ አምስቱ ልጆች አንዱ? አሁን የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆነው?

ሀ፦ እሱ ራሱ። ኤፕሪል 1989 በፓርኩ ስትሮጥ የነበረች ሴት ተደፍራና ተደብድባ፣ ነፍሷ ሊወጣ ጥቂት ሲቀራት ተገኘች። በማግስቱ ፖሊሶች ዩሴፍን ፈልገው መጡ። ገና 15 ዓመቱ ነበር። የጓደኛው የኮሪ ዋይዝ ስም ዝርዝራቸው ላይ አልነበረም። ዩሴፍ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ አብሮት ሄደ።

ለ፦ ሄዶም ቀረ።

ሀ፦ የለያያቸው አንድ ዓመት ነው። የጊዜው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲመረመር ወላጅ ይገኝለት ይል ነበር። የዩሴፍ እናት ደርሳ ምርመራውን አስቆመች፤ ልጇ ቃሉ ላይ አልፈረመም፤ በቪዲዮም አልተቀረጸም። ኮሪ ግን 16 ሞልቶታል። ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ትምህርትም ይከብደው ነበር። ብቻውን መረመሩት፤ አለሁበት ብሎም ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ቃሉን ሰጠ።

ለ፦ የተሸኘው ዝም ሲል ሸኚው ተናገረ ማለት ነው። ሌላ ማስረጃስ?

ሀ፦ የተገኘው ዲኤንኤ የአምስቱም አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ከችሎቱ በፊት ይታወቅ ነበር። ጁሪው፣ ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም የሚለው ከሕዝብ የተመረጠ ቡድን፣ ግን ቃላቸውን አመነ፤ በ1990 ተፈረደባቸው። እንደ አዋቂ የተፈረደበት ኮሪ ከሁሉም በላይ ታሰረ።

ለ፦ እሺ፣ ደብተር የያዘችው ልጅ የት አለች?

ሀ፦ የለችም። ምስጢሩን የፈታው ወንጀለኛው ማቲያስ ሬይስ ራሱ ነው። ቀደም ሲል ራይከርስ እስር ቤት ከኮሪ ጋር በቴሌቪዥን ምክንያት ተጣልተው ነበር። ከዓመታት በኋላ ኦበርን እስር ቤት እንደገና ተገናኙ። ከዚያ ሬይስ ብቻዬን ነው የፈጸምኩት ብሎ ተናዘዘ፤ ዲኤንኤውም የእሱ ሆነ። ዲሴምበር 2002 የአምስቱም ፍርድ ተሰረዘ።

ለ፦ በልብ ወለድ ባነበው «ደራሲው መውጫ ሲጠፋው ያመጣው ነው» ብዬ መጽሐፉን እዘጋው ነበር።

ሀ፦ ዩሴፍም አልጻፈውም። የመጽሐፉ ልጅ አማል ይባላል፤ በአረብኛ ተስፋ ማለት ነው። ይስላል፣ ግጥም ይጽፋል። በተፈረደበት ጠብ የተጎዳው ልጅ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቷል። እውነቱ ያለው በእሱ አፍ ነው። ገጽ በገለጥክ ቁጥር «ነቃ ወይስ አልነቃም?» ትላለህ።

ለ፦ ፍቅሩስ? መቼም አታስቀሪውም።

ሀ፦ ዘኖቢያ የምትባል ልጅ አለች፤ በትምህርት ቤት ልቡ የወደዳት። እስር ቤት ደብዳቤ ትጽፍለታለች።

ለ፦ ጠበቃ አታፈላልግም? ምስክር አታሳድድም?

ሀ፦ ትጽፍለታለች እንጂ አታስፈታውም።

ለ፦ እንዲህ ከሆነስ ይሁን፤ የማታስፈታ ፍቅረኛ ትመቸኛለች። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እኔ ማንበብ የምፈልገው የኮሪን ልብ ወለድ ነው።

ሀ፦ አንተ ብትጽፈው ከየት ትጀምራለህ? ከፖሊስ ጣቢያው?

ለ፦ ጣቢያው ለሦስተኛው ምዕራፍ ይቆይ። እኔ የምጀምረው ከደጅ ነው፤ የጫማውን ክር ሲያስር።

ሀ፦ ዩሴፍ «ና» ብሎታል?

ለ፦ ማንም አልጠራውም።