መዝገቡን አሳዩን
(የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር፣ ሀዋሳ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከፍርድ ቤት፣ ከፍትሕ ቢሮና ከማረሚያ ቤት ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ያለውን ረድፍ የያዛችሁ የታራሚ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ፊት ባሉት ወንበሮች ላይ «ለክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ጠዋት እኔው አንስቼዋለሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ከሻይ በኋላ ያቀርባል። የአባላት ብዛት፣ የተሰጠው ነጻ የሕግ ምክር፣ የመዋጮ ውዝፍ (ውዝፍ ያለባችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ) ሁሉም እዚያ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። እኔ የማነሳው ስለ ማረሚያ ቤት ጉብኝት ነው። ማን ይጎበኛል? ሲጎበኝ ምን ያያል? ካየ በኋላስ ማን ይመልስለታል?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በጥብቅና ነው። ከዚያ በፊት ግን 7 ዓመት በአንድ ማረሚያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው፣ የምናገረውም የራሴን ጥፋት ስለሆነ የቤቱ ስም ምንም አይጨምርም። ክፍሏ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የብረት ቁም ሳጥን ብቻ የምትይዝ ነበረች። ሁሉም ነገር በትልልቅ ባለ መስመር መዝገብ በእጅ ይጻፋል፦ ስም ከነአያት፣ የላከው ፍርድ ቤት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የፍርዱ መጠን፣ አመክሮ የሚደርስበት ቀን፣ የሚፈታበት ቀን። የሰው ዕድሜ በአንድ መስመር ላይ ነው የሚያድረው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፍርድ ቤት የመፍቻ ትዕዛዝ መጣ። ትዕዛዙ ላይ የአያት ስም «ዱካሞ» ይላል፤ እኛ መዝገብ ላይ ያለው «ዱካሌ» ነው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው። ስም ካልገጠመ ለፍርድ ቤቱ ተጽፎ ማስተካከያ ይጠበቃል፤ አሠራራችን ይህ ነበር። ደብዳቤውን አዘጋጀሁ። የሚፈርመው ኃላፊ ወጥቷል። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ፣ ማክሰኞ ሌላ። ደብዳቤው ከፋይል ሥር ገባ፣ እኔም ረሳሁት። ሰውየው 11 ቀን ያለ አንዳች ሕጋዊ ምክንያት ታስሮ ቆየ።

በ6ኛው ቀን ጎብኚዎች መጡ። መምጣታቸው ከሳምንት በፊት ስለተነገረን ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ወጡ ውስጥ ሥጋ ገብቷል። ታራሚዎች ተሰልፈው አጨበጨቡ። ያ ሰውም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ከሌሎቹ ጋር ያጨበጭብ ነበር። እንግዶቹ መኝታ ቤቱን አዩ፣ ወጡን በማንኪያ ቀመሱ፣ የሽመናውንና የእንጨት ሥራውን ክፍል አደነቁ፣ የአስተያየት መዝገብ ላይ «ባየነው ነገር እጅግ ተደስተናል» ብለው ፈረሙ። ወደ እኔ ክፍል ብቅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የመጣው።

ያ እንግዳ «ጊዜውን ጨርሶ ያልወጣ ሰው አለ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ መዝገቡን ገልጬ ወዲያው አገኘው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ሰውየውን ያስፈቱት እናቱ ናቸው። ዋሳ (የእንሰት ምግብ) በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ስንቅ ሊያቀብሉ መጡ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ለወሬ ያህል «እናቴ፣ ልጅዎ መቼ ነው የሚወጣው?» ሲላቸው በጣታቸው ቆጥረው «የዛሬ አሥራ አንድ ቀን» አሉት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኋላ ግን ነገሩ ከንክኖት ወደ እኔ ላካቸው። መዝገቡን ስገልጥ ላብ አጠመቀኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡኝም። «አሁን ይወጣል አይደል?» አሉኝ። ይወጣል አልኳቸው። «እንግዲያው እቤቱ ይበላል» ብለው ጥቅሉን መልሰው ያዙት።

በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 423 መሠረት ከሕግ ውጪ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። የኔ ነገር ቸልተኝነት ነው፣ ወንጀል አይሆንም ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ጠበቃ ነኝና። ነገር ግን እንድከራከር ያደረገኝም የለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንኳ አልደረሰኝም። በዚያ ዓመት «የተሻለ የሥራ አፈጻጸም» የሚል ነጥብ ነው ያገኘሁት።

የሕግ እጥረት አለብን ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አልስማማም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግግና ቀጥሎ ሊጎበኙት የሚችሉትን ይዘረዝራል፦ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪም፣ የሕግ አማካሪ። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው እንደ ርኅራኄ ያነበዋል። እኔ የተቆጣጣሪዎች ስም ዝርዝር አድርጌ ነው የማነበው። ስንቅ ይዘው በር ላይ የሚቆሙ እናት ከየትኛውም ቋሚ ኮሚቴ በፊት ያዩታል፦ ልጃቸው ከስቷል፣ ያነክሳል፣ ወይ ጭራሽ አልመጣም። ለዚህ ነው «ለጊዜው የቤተሰብ ጥየቃ ተቋርጧል» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር የምንደነግጠው።

የቂሊንጦን ማረሚያ ቤት አስታውሱ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 እሳት ሲነሳ ቤተሰብ ቀናት ሙሉ በር ላይ የጠበቀው የልጁን ስም ለመስማት ነበር፤ ሞቷል ወይስ አለ የሚለውን ብቻ። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 23 ነው አለ። ከእሳቱ ጋር በተያያዘ 38 እስረኞች ተከሰሱ። ተከሳሾቹ በምርመራ ጊዜ ተደብድበናል ሲሉም ፍርድ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አጣርቶ እንዲያቀርብ አዘዘ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስም ለመንገር የፈጀው ጊዜ ነው። በዚያች ቀን ማን የት ክፍል እንዳደረ በትክክል የሚያሳይ መዝገብ ቢኖርና ሊያሳዩት ቢፈቅዱ ኖሮ ቤተሰቡ ሬሳ ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል አይንከራተትም ነበር። በ2010 ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ሲዘጋ፣ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ኃላፊዎች ከሥልጣን ሲነሱ፣ በጅግጅጋ «ጄል ኦጋዴን» ይባል የነበረው እስር ቤት ሲጋለጥ ሁላችንም ተደንቀን ነበር። መቼም በነዚያ ቤቶች ሁሉ ጎብኚ ጠፍቶ አይመስለኝም።

የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ነው። በ2012 በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1224፣ ማረሚያ ቤትና ፖሊስ ጣቢያን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ተሰጠው። ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ማለት ኖራው ሳይቀባ፣ ወጡ ሥጋ ሳይገባበት ነው። የኮሚሽኑ ቅርንጫፍ እዚሁ ሀዋሳ አለ። የእምባ ጠባቂም አለ። በሩ ቅርብ ነው፤ የምናንኳኳው ስንቶቻችን እንደሆንን እኛው እንወቀው።

በዓለም ደረጃ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት 122 ደንቦች አሉ። ሰው ሲያነሳቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ብቻን ማሰርን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማራዘም የሚከለክለውን ነው። ለእኔ፣ ለቀድሞው የመዝገብ ሠራተኛ፣ የሚበልጡብኝ ደንብ 6 እና 7 ናቸው። የእያንዳንዱ እስረኛ ፋይል በሥርዓት እንዲያዝ፣ ያለ ሕጋዊ ማሰሪያ ትዕዛዝ ማንም እንዳይገባ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም እንዲመዘገብ፣ ሲገባ የታየበት ጉዳት እንዲጻፍ ያዛሉ። ከ83 እስከ 85 ያሉት ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥጥር ይጠይቃሉ፤ አንዱ ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ራሱ፣ ሌላው ከውጭ ነጻ አካል። የውስጡ አይጠላም። ግን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ብቻውን አይበቃም። የውጭው ተቆጣጣሪ መዝገብ ሁሉ ሊያይ፣ እስረኛን ጠባቂ በሌለበት ሊያነጋግር፣ የሚጎበኘውን ቤት ራሱ ሊመርጥ ይገባዋል። ከጉብኝቱ በኋላ የጽሑፍ ሪፖርት ይቀርባል፣ ማረሚያ ቤቱም ምክረ ሐሳቡን ይፈጽመው አይፈጽመው በተገቢው ጊዜ ይናገራል። እኛ አገር የጠፋችው ይህች የመጨረሻዋ ናት።

ደቡብ አፍሪካን ላንሳ፤ እነሱም ችግራቸው ብዙ ነው፣ አላስጌጠውም። በፈረንጆቹ 1998 ባወጡት የማረሚያ ሕግ በዳኛ የሚመራ የቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አቋቁመዋል። በሥሩ ከሕዝብ የሚመረጡ ነጻ ጎብኚዎች አሉ፤ እስረኛውን ለብቻ ያነጋግራሉ፣ ቅሬታውን በተለየ የቀን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ይህን ሳነብ የቀናሁት በዳኛው አይደለም። በቀን መዝገቡ ነው።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን የእስር ቤቶች ልዩ ራፖርተር የነበሩት የማላዊዋ ቬራ ቺርዋ በመጋቢት 1996 አገራችን መጥተው እስር ቤቶችን ጎብኝተዋል። ወይዘሮዋ ራሳቸው በአገራቸው 12 ዓመት ያህል የታሰሩ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ጎብኚ ወጥ ቀምሶ የሚመለስ አይመስለኝም። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ የቆመውም ዓለም በቃኝ እስር ቤት በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ አዳራሽ ስብሰባ የሄዳችሁ አባላት ትዝ ብሏችሁ ያውቃል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሲዳማ ከድሮው ደቡብ ክልል ተለይቶ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ፣ በ2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። አስተዳደሩ ሲከፈል ሰው እንደ ፋይል ተካፍሎ አይሄድም። ቢሯችን የሚመጡ ቤተሰቦች የሚጠይቁን ጥያቄ ይህ ነው፦ ልጄን የፈረደበት የድሮው ክልል ፍርድ ቤት ነው፣ የታሰረው እዚህ ነው፣ ቀበሌያችን ዛሬ በሌላ ክልል ሥር ነው፤ ታዲያ የይቅርታ ማመልከቻውን ለማን ልስጥ? የትኛው ምክር ቤት ነው ስለ እሱ የሚጠይቅልኝ? አንዷ እህት ሦስት ከተማ ተመላልሳ፣ ሦስቱም ቦታ «እኛን አይመለከትም» ተብላ፣ ሦስቱንም ማኅተም ይዛ መጣች። ወረቀቷን ተቀብዬ ሳየው ማኅተሙ በጣም ያማረ ነበር። እንግዶቻችን፣ ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ባለው ውይይት ብትነግሩን ደስታችን ነው። ከሌላችሁም የለንም በሉን፤ እሱም መልስ ነው።

ከማረሚያ ቤት የመጣችሁ ባልደረቦቼ ስወቅስ ብቻ እንዳትሰሙኝ። መብራት በጠፋበት ክፍል፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ የብዙ መቶ ሰው ቀን መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገቡን ቢያይልኝ ኖሮ ያን ጊዜ ረዳት ያስቀጥርልኝ ነበር።

እኛስ? አምና ማኅበራችን ጉብኝት አደረገ። 14 ገጽ ሪፖርት ጻፍን፣ ለአንድ ቢሮ አድርሰን ለአራት ቦታ ግልባጭ አደረግን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ በኋላ መልሱ ምን ሆነ ብሎ አንድ ቀን የደወለ የለም፤ እኔን ጨምሮ። ትናንት ማታ ፋይሉን ስገልጥ የተላከበት ቀን አለ፣ የመልስ ቦታው ባዶ ነው። ያን ዓርብ ከፋይል ሥር የገባው ደብዳቤ ታወሰኝ።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ጉባኤ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቷል። በጎ ፈቃደኛ ጠበቆቻችን በወር አንድ ቀን ከማረሚያ ቤቱ መዝገብ ክፍል ጋር ተቀምጠው በሚቀጥሉት 30 ቀናት ጊዜያቸው የሚያልቅ፣ አመክሯቸው የሚደርስ፣ የቀጠሯቸው ቀን ያለፈ ታራሚዎችን አብረው እንዲያዩ እንጠይቃለን። ፍርድ ቤት የሚወስደን ጉዳይ ከተገኘም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ እናቀርባለን፤ ይህ ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ አብዛኛው ነገር በአንድ ፊደል እርማት የሚያልቅ ነው።

የጥያቄው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከታች «መልሱ የደረሰበት ቀን» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ ጸሐፊያችን በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ እየደወለ እንዲሞላው ስሙ ከጎኑ ተጽፏል። ቅር እንዳይልህ ወንድሜ፣ ሳላማክርህ ነው ያስገባሁህ። ወደ ሻይ ስትወጡ አንብባችሁ ፈርሙ፤ እስክሪብቶ ከሌላችሁ እኔ ጋ አለ።

ጉባኤው ተከፍቷል።