ራሴን ገልብጬ ሳየው

እንደምን አረፈዳችሁ የእድራችን ሰዎች። ሊቀመንበሩ «ንብረት ያዥ ሆነህ በቆየህባቸው ዓመታት ምን ተማርክ? ትንሽ ተናገር» ስላሉኝ ነው የቆምኩት። ወረቀት የያዝኩት እንዳልቀባጥር ነው። ታውቁኛላችሁ።

መጀመሪያ ይህን ሳህን እዩልኝ። ልገልብጠው። ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም አለው። የኛ ምልክት ደግሞ ቀይ ነው። ባለፈው ሳምንት መጋዘኑን ለማስረከብ ቆጠራ ጀመርኩ። የተረከብኩት 240 ሳህን ነበር፣ 240 አገኘሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ሳገላብጥ 37ቱ የኛ አይደሉም። ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ አንዱ ላይ ጭራሽ የሰው ስም ተጽፎበታል። ለቅሶ ቤት ከሌላ እድር ጋር ስንገናኝ፣ እቃው አንድ ላይ ታጥቦ በጥድፊያ ሲለይ፣ የኛ እነሱ ጋ ሄዶ የነሱ እኛ ጋ ቀርቷል ማለት ነው። 17 ዓመት ሙሉ «አንድ ሳላጎድል ጠበቅኩ» ብዬ የኮራሁበት ንብረት ለካ ስር ስሩን ሲቀያየር ነው የኖረው።

ተናደድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ራሴን መገልበጥ ጀመርኩ። እኔስ ከሥሬ የማን ቀለም ነው ያለኝ?

እዚህ ከተማ ስመጣ 19 ዓመቴ ነበር። ከመንዝ ነው የመጣሁት። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንለው፤ ስሙን ያወጡት ጃንሆይ ናቸው፣ እሳቸውም ራሳቸው ሳይነግሡ በፊት ተፈሪ ነበሩ። አዳማ የሚለው በይፋ የተመለሰው በፈረንጆቹ 2000 ነው። ቁልቋል ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል። እኔ እስካሁን ስናገር ሁለቱም ይወጣኛል፣ አትቀየሙኝ።

የተከራየሁባቸው እማማ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ ነበር ሰላም የሚሉኝ። «አካም ጅርቱ? ኢጆሌን አካም? ሎን አካም?» ልጆቹስ? ከብቶቹስ? እኔ ልጅ የለኝ፣ ከብት የለኝ፣ ያለኝ አንድ ፍራሽና አንድ ኩባያ ነው። መጀመሪያ ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሳይጠይቁኝ የወጣሁ ቀን አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኝ ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ አገር ቤት ሄጄ እናቴን በር ላይ ቆሜ ስለ በጎቹ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ሁሉም ስጠይቃት ዝም ብላ አየችኝና «ማን ነው እንዲህ ያሳመረህ?» አለችኝ። እኔ መለወጤን አላውቅም ነበር። እሷ ናት ያየችው።

ሥራዬ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ዱላ ይዞ መኪናውን ይዞራል፣ ጎማውን አንድ በአንድ እየመታ ድምፁን ይሰማል። ሲቸኩልም፣ ሲታመምም፣ ዝናብ ውስጥም ይዞራል። እኔም ለመድኩት። ዛሬ መኪናውን ትቼ እንኳ ማታ ማታ በሩን፣ መስኮቱን፣ የጋዙን ሲሊንደር ዞሬ ሳልነካ አልተኛም። ባለቤቴ «ጎማው ደህና ነው?» ትለኛለች።

ግን ያው ሰውዬ ተሳዳቢም ነበር። ይማታል። እኔ ሹፌር ስሆን እንዲህ አልሆንም ብዬ ስንቴ ምዬአለሁ። ሆንኩ። አንድ ቀን አዋሽ መንገድ ላይ ረዳቴ ጎማ ሲፈታ ክሪክ ተንሸራተተበት፣ እጁ ለጥቂት ተረፈ፣ እኔ ደግሞ «ተጎዳህ ወይ?» በማለት ፈንታ አንድ ስድብ ወረወርኩበት። ስድቡ ቃል በቃል የሰውዬው ነበር። ድምፁም ሳይቀር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እርስዎም ረዳት አልነበሩም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ እራት ስንበላ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሹፌር ረዳቱን ይቅርታ ሲል ያን ጊዜ የሚሳቅበት ነገር ነው፣ ሳቁብኝም። የጎማውንም ዱላ፣ ስድቡንም የወሰድኩት ከአንድ ሰው ነው። አንዱን አስቀርቼ አንዱን ለመጣል ግን የአንድ ልጅ ዓይን አስፈለገኝ።

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «ሹፌር» አልልም ነበር። «የአሰብ ሹፌር» ነው የምለው። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሳ፣ የአሰብ መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እኔ ግን አልዞርኩም። ሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ። የቸገረኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ ማን ልባል ነው ነገሩ። በመጨረሻ የጅቡቲን ወደብ፣ ወረቀቱን፣ ወረፋውን፣ ከማን ጋር ምን ተብሎ እንደሚወራ ያሳየኝ በዕድሜ የምበልጠው ጎረምሳ ነው። እኔ ታላቁ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ ስጠይቅ አስቡት! ክብሬ በጣም ነበር የሚያመኝ።

ሰሞኑን ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ጥናት አሳየችኝ። የሃርቫርዱ ዳንኤል ጊልበርት ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 2013 ያወጡት ነው። ከ18 እስከ 68 ዓመት የሆናቸው ከ19,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ገሚሱ ባለፉት አሥር ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጠ፣ ገሚሱ በሚመጡት አሥር ዓመታት ምን ያህል እንደሚለወጥ። ወጣቱም ሽማግሌውም ያለው አንድ ነው፦ እስካሁን ብዙ ተለውጫለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ያው ነኝ። «አባዬ፣ አንተ ነህ ይሄ» አለችኝ። እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ይኸው ደግሞ ሳህን እየገለበጥኩ አደርኩ።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። ባለ ሰማያዊዎቹ እድር ጋ ሳህናቸውን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ንብረት ያዣቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ከረጢቱን ከፍተው አዩና ሳቁ። «ውይ፣ ቀዩ እኛ ጋ ሞልቷል እኮ! ይልቅ ግባና ቡና ጠጣ» አሉኝ። ገባሁ፣ ጠጣሁ፣ ከረጢቱን ይዤ ተመለስኩ።

ስለዚህ ተተኪዬ፣ መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌልሃለሁ፦ ሳህን 240፣ ከዚህ ውስጥ 37ቱ ቀለማቸው ሌላ። እንዳትፍቃቸው። ወንበርና ድንኳኑ ልክ ነው። ጭልፋ አንድ ጎድሏል፣ እሱን እኔ እከፍላለሁ። ቁልፉ ይኸውልህ።