ብዕር ያልተለየው አጥቂ

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ! አዘጋጆቹ "አጠር አድርጋት" ብለውኛል፤ እሞክራለሁ።

ዛሬ የማነሳላችሁ ጆን ካሜሮንን ነው። ስሙን ሰምታችሁ ባታውቁ አልፈርድባችሁም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ነው። የአርሰናል ባላንጣ የሆነው የለንደኑ ክለብ የቶተንሃም ሰው ስለሆነ የአርሰናል ደጋፊዎች ትንሽ ታገሱኝ፣ ተራችሁ ይደርሳል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ካሜሮን በ1872 ስኮትላንድ ውስጥ ኤር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ለኩዊንስ ፓርክ ተጫወተ፤ ደመወዝ ለማይከፍል ክለብ ማለት ነው። ከዚያ ሊቨርፑል ከተማ ወርዶ ኤቨርተን የሚባለው ክለብ ገባ፣ ግን እዚያም መጀመሪያ ላይ እንጀራው የሚወጣው ከኳሱ ሳይሆን ኩናርድ ከሚባለው የመርከብ ድርጅት ነበር፤ ቢሮ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ቅዳሜ ጫማውን አጥብቆ ሜዳ ይገባል።

በ1898 እንግሊዝ ውስጥ ተጫዋቾች ማኅበር ሲያቋቁሙ ጸሐፊ ያደረጉት እሱን ነው። ምን አስቆጥቷቸው መሰላችሁ? በዚያ ጊዜ የሊግ ክለብ፣ ማለትም ፉትቦል ሊግ በሚባለው የእንግሊዝ ዋና ውድድር ያለ ክለብ፣ ስምህን አንዴ ካስመዘገበ፣ ውልህ ቢያልቅም፣ ደመወዝ ባይሰጥህም፣ እሱ ካልፈቀደ ሌላ የሊግ ክለብ ሊወስድህ አይችልም። ቁጭ ነው። ማኅበሩ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ። ሳውዘርን ሊግ የሚባለው የደቡቡ ውድድር በዚህ ሕግ አይገዛም ነበር። የታገተ ተጫዋች ወደዚያ በነጻ መሄድ ይችላል። ቶተንሃም ደግሞ የሳውዘርን ሊግ ክለብ ነው። ካሜሮን በ1898 እዚያ ሄደ፣ በዓመቱ አሰልጣኙ ሲለቅ ተጫዋችም፣ አሰልጣኝም፣ የክለቡ ጸሐፊም ሆነ። በማኅበሩ ሥራ ያወቀው ቀዳዳ ቡድን ሲሠራ ጠቅሞታል ብዬ እገምታለሁ። በ1901 የኤፍኤ ካፕ፣ የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ያሰለፋቸውን እዩ፦ አምስት ስኮትላንዳዊ፣ ሁለት ዌልሳዊ፣ አንድ አይሪሽ፣ ሦስት እንግሊዛዊ። የለንደን ልጅ የለም!

ፍጻሜው ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ነበር። ከ110 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ሳንዲ ብራውን ሁለት አገባ፣ ቶተንሃም 2 ለ 1 ሲመራ በረኛው ክላውሊ ኳሷን ሳይጨብጣት ቀረ። መስመር ዳኛው ኮርና ነው ሲል ዋናው ዳኛ ጎል አለ። 2 ለ 2 አለቀ። ጨዋታው በፊልም ተቀርጾ ስለነበር በኋላ ሲታይ ኳሷ መስመሩን አላለፈችም፤ በቪኤአር፣ በቪዲዮ ዳኝነቱ፣ የምትናደዱ ይህን ያዙልኝ።

ድጋሚው በሳምንቱ ቦልተን ላይ ተደረገ። የባቡር ኩባንያው ርካሽ ትኬት አልሸጥም ስላለ ሜዳው ጭር አለ፣ የመጣው 20 ሺህ ገደማ ነው። ሼፊልዶች ቀድመው አገቡ። ከእረፍት በኋላ አቻ ያደረገው ማን ነው? ራሱ አሰልጣኙ። ከዚያ ስሚዝ፣ ከዚያ ብራውን፤ 3 ለ 1። ብራውን በየዙሩ እያገባ የዋንጫ ጎሎቹን 15 አደረሳቸው። ፉትቦል ሊግ በ1888 ከተቋቋመ ወዲህ ከሊጉ ውጭ ሆኖ ዋንጫውን የወሰደ ሌላ ክለብ እስከዛሬ የለም።

በ1907 ከክለቡ አመራር ጋር ነገሩ ስላልተስማማ ለቀቀ። ጋዜጠኛ ሆነ፣ ኋላም ጀርመን ሄዶ ድሬስደን ውስጥ አሰለጠነ። እዚያ እያለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ወንድ ሁሉ ሲታሰር እሱንም በርሊን አጠገብ ሩሌበን የሚባል የፈረስ መወዳደሪያ ውስጥ አስገቡት። እስረኞቹ የሚያድሩት ጋጥ ውስጥ ነው። አብረውት እነ ስቲቭ ብሉመር ነበሩ፣ የእንግሊዝ ታላቅ ጎል አግቢ። ምን ያድርጉ? ሊግ አቋቋሙ፣ የእግር ኳስ ማኅበርም መሠረቱ።

ጸሐፊው? እሱ ነዋ!

ሲፈታ ኤር ተመልሶ የከተማውን ክለብ ለጥቂት ጊዜ አሰለጠነና ወደ ጽሑፉ ገባ። በ1935 ሞተ። እሺ፣ አርሰናሎች፣ አሁን መናገር ትችላላችሁ።