ከወይን ወጣ የተባለው ጂን

እሺ፣ ድምፅ እየቀዳ ነው። ፍሪጁ ዛሬም ይጮኻል፤ ለምዳችሁታል፣ አላጠፋውም። «ቶኒክ ሳይነካው ቅመሱት» የምትለዋን ነገርም (ቶኒክ ያው ጂን የሚቀላቀልበት መራር ለስላሳ ነው) ዛሬ አልደግማትም። ምናልባት አንዴ።

አንድ ነገር ግን አልለቅ ብሎኛል። የፈረንሳይ ጂን፣ ያ በጥድ ፍሬ የሚቀመመው መጠጥ፣ ሲወራ ሁሌ «ከወይን ነው» ይባላል። ጂቫይን የሚባለውን ጂን ውሰዱ። ኮኛክ ከተማ አጠገብ፣ ሜርፔን ነው የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ መነሻው ኡኚ ብላን። ኡኚ ብላን ደግሞ ያው ኮኛክ የሚባለው አረቄ የሚወጣበት ነጭ ወይን ነው፤ ኮምጣጣ፣ አልኮሉ 9 በመቶ ገደማ፣ በብርጭቆ ብዙም የማያጓጓ፣ አላምቢክ፣ አረቄ የሚወጣበት የመዳብ ድስት፣ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ። እዚህ ድረስ ጥሩ። ችግሩ፣ ኮኛክ ከሁለተኛው ዲስቲሌሽን (አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ማቀዝቀዝ) ሲወጣ 72 በመቶ አካባቢ ነው፤ ፍሬው፣ አበባው፣ ቅባቱ አብሮት አለ። የጂን መነሻ አልኮል ግን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቢያንስ 96 በመቶ መድረስ አለበት። 96! እዚያ ለመድረስ ረጅም ኮሎን፣ እንፋሎቱ ደጋግሞ የሚጠራበት ቱቦ፣ ያስፈልጋል፣ ኮሎኑ ደግሞ የወይኑን ነገር ጠራርጎ ነው የሚያወጣው። ታዲያ ምን ቀረ?

ሕጉ ራሱ ትንሽ በር ይተዋል፤ አልኮሉ ከጥሬ ዕቃው ሌላ ጣዕም እንዳይኖረው ነው የሚለው። ከጥሬ ዕቃው ሌላ። ስለዚህ የጥሬ ዕቃው ከተረፈ ይፈቀዳል ማለት ነው። የወይን አልኮል ከስንዴ አልኮል ይልቅ አፍ ላይ ለስለስ፣ ወፈር ይላል የሚሉ አሉ። እኔም እላለሁ፣ አንዳንዴ። ከዚያ 20 ግራም ጥድ በሊትር ይገባበትና… ማን ያገኘዋል?

ጂቫይኖች ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፣ የወይኑን አበባ የጨመሩት ለዚያ ነው። አበባው በሰኔ ለጥቂት ቀን ነው የሚወጣው፤ በእጅ ይለቀማል፣ ሳይጠወልግ አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ለብቻው ዲስቲል ይደረጋል። ወይኑ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

ሲታዴል የሚባለው ሌላው የፈረንሳይ ጂን ደግሞ ተቃራኒው ነው። መነሻው ስንዴ፣ ዕቃው የኮኛክ አላምቢክ። ሜዞን ፌራን የሚባል የኮኛክ ቤት፣ አርስ የምትባል መንደር፣ ቦንቦኔ ግቢ። ኮኛክ ዲስቲል ማድረግ የሚቻለው እስከ ማርች 31 ነው፤ ከዚያ እስከ መከር መዳቡ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። የቤቱ ባለቤት አሌክሳንድር ጋብሪየል «በዚህ በሥራ ፈት ወቅት ጂን ልሥራበት» ብሎ ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት፤ ጂኑ የወጣው በ1996 ነው። 19 ቅመም፤ ጥድ፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ኮከብ አኒስ፣ የአይሪስ አበባ ሥር… ሁሉም ባንዴ አይዘፈዘፍም፣ እያንዳንዱ የራሱ ጊዜና የራሱ የአልኮል መጠን አለው፣ ጥዱ ይቀድማል። አላምቢኩ ታች እሳት ነው የሚነድበት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ድንብላል ዱቄት እስኪሆን ከፈጩት ወደ ታች ይሰምጣል፣ መዳቡ ላይ ተለጥፎ ያርራል፣ ያ ሽታ በምንም አይለቅም። ስንጥቅ ማድረግ ብቻ ነው። ወይ በጨርቅ ከረጢት ማንጠልጠል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር የሚያስጨንቀኝ ወይኑ ሳይሆን አንዲት ቅጽበት ናት፤ ጂኑ የሚቆረጥባት፣ ማለትም ከአላምቢኩ የሚወርደውን መሰብሰብ የሚቆምባት። ላምጣት።

100 ሊትር አልኮል በ50 በመቶ አለ እንበል። 2 ኪሎ የጥድ ፍሬ፣ 1 ኪሎ ድንብላል፣ 150 ግራም የአንጀሊካ ሥር፣ ትንሽ አይሪስ፣ ነጩ የተላጠለት የሎሚ ልጣጭ። አንድ ሌሊት አደረ። እሳቱ በዝግታ። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ይደፋል። መርዛማውን ሜታኖል ፈርቶ አይደለም፣ አልኮሉ ድሮ ጠርቷል፤ ቱቦው ውስጥ ካለፈው ዙር የቀረ ዘይት ስላለ ነው። ከዚያ ሎሚው ይመጣል፣ የሚወርደው አልኮል 80 በመቶ አካባቢ ሆኖ፣ ስል። ቀጥሎ ጥዱ፣ ጫካው። 75፣ 70። ድንብላሉ። 65። አሁን ሥሮቹ ይጀምራሉ፤ አፈር፣ ትንሽ ሚስክ። 62። እዚህ ነው። እዚህ ላይ ከቆረጡት ጂኑ ያበራል፣ ግን አፍ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፣ የሚያቆየው አንጀሊካውና አይሪሱ ገና አልወጡም። ትንሽ ካቆዩት ደግሞ የተቀቀለ ቅጠል፣ የረጠበ ካርቶን። በመካከሉ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ቴርሞሜትር አይነግርም። ናሙናውን በውኃ ወደ 30 በመቶ አውርዶ ማሽተት፣ በየደቂቃው። 60። 59። አፍንጫ ደግሞ ይደክማል፣ ከውጭ ወጥቶ መመለስ አለ፣ እስኪመለሱ 57 ሆኗል…

ኮኛክ አካባቢ ያሉ ሠራተኞች ይህን ቅጽበት ከወይን ጋር ለትውልዶች ሲኖሩበት ቆይተዋል። ምናልባት ፈረንሳይነቱ እዚህ ነው? ምናልባት። ግን ለንደን ያለው ጂን ሠሪስ አፍንጫ የለውም?

ዘግይቶ የተቆረጠ ጂን ሌላ ዋጋም ያስከፍላል። ከባዱ ዘይት ስለሚበዛ ወደ 40 በመቶ ሲቀንሱት ይደፈርሳል። ክፍሉ ሲሞቅ ጥርት ይላል፣ ፍሪጅ ሲገባ ጭጋግ። ውኃውን በቀናት ከፋፍሎ መጨመር ይረዳል፣ ግን አያድንም። 43፣ 44 ላይ ማቆም ይሻላል፤ ወይ ጥዱን መቀነስ፤ ወይ ንጹሕ አልኮል መጨመር። በቅዝቃዜ ማጣራትም አለ፣ ጭጋጉ ይሄዳል፣ የጥዱ መዓዛም አብሮት። እኔ ጭጋጉን እመርጣለሁ። ገበያው አይመርጥም።

አዎ፣ አውቃለሁ፣ «የእኛስ ጥድ?» ልትሉኝ ነው። የሐበሻው ጥድ ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ ነው፤ የጂኑ ጁኒፔሩስ ኮሙኒስ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ሕጉ ግን ኮሙኒስን በስም ይጠራል። እናም እባካችሁ ከዛፍ እየለቀማችሁ አትዘፍዝፉ። ፈረንሳይ ተራሮች ላይ ራሱ ጁኒፔሩስ ሳቢና የሚባል መርዛማ ዘመድ አለ፣ ፍሬው ይመሳሰላል።

እና የፈረንሳይ ሰሜኑ አለ፣ እሱን ረስቼ። ኡልና ዋምብሬሺ የሚባሉት ቦታዎች፣ ኡል ከ1812፣ ዋምብሬሺ ከ1817 ጀምሮ፣ በዠኒየቭር፣ በጥድ በተቀመመ የእህል አረቄ፣ ይታወቃሉ፤ ራይ የሚባል እህል፣ የገብስ ብቅል፣ እህሉ ሳይጠፋ፣ ጥዱ በመጨረሻው ዙር። እዚያ መነሻው ይቀመሳል፣ ማንም አይከራከርም። ግን ጂን አይባልም። ኖርማንዲ ደግሞ ክርስቲያን ድሩዋን የካልቫዶስ (የፖም አረቄ) ቤት ሆኖ ጂኑ ውስጥ የፖም ሲደር ዲስቲሌት ያስገባል፣ ቅመሞቹንም ለየብቻ ያወጣል። ለየብቻ! ያ ማለት እኮ 62 ላይ ያልኳት ቅጽበት ለእያንዳንዱ ቅመም የተለየች ናት፤ ለሎሚው ሌላ፣ ለሥሩ ሌላ፣ ከዚያ ማዋሃድ ነው። እንግዲያ የእኔ አንድ ቅጽበት የት ገባች? ቆይ… እንደዚያ ከሆነ ፖሙም ቢሆን…

አላውቅም። ቶኒክ ሳይነካው ቅመሱት።