የእናቴ ሰፌድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የምናገረው። ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን የዛሬው ወሬ ከዝናቡም ጋር ስለሚነካካ እንዲሰማ ተውኩት።

የማወራችሁ ስለ እጅ ሥራ ነው። ስፌት፣ ፍተል፣ እንጨት መጥረብ፤ ወላጆቻችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሠሩት የነበረ፣ እኛ ግን ገበያ ወጥተን የምንገዛው ሥራ። መሥሪያ ቤት አብረውኝ የሚውሉ ልጆች ከወንበሬ ሥር በፌስታል የማስቀምጠውን ስንደዶ፣ የስፌት ሳሬን ማለቴ ነው፣ ካዩ ወዲህ "እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?" እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ መልሱን አስበውት ነው የሚመጡት። መሶብ መስፋት ይፈልጋሉ፤ ያውም ባለ ክዳን፣ በአለላ ማለትም በተቀለመ ሳር ያጌጠ፣ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ የሚታይ።

እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው። አዲስ ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ያለ አንድ የተበላሸ አሮጌ ዕቃ ጠግኑ። ለምን እንዲህ እንደምል በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዎቿን ከወንድሜ ጋር ተካፈልን። ከደረሱኝ ነገሮች አንዱ ሰፌዷ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ሰፌድ ሲባል ከጤፍና ከስንዴ በፊት ቡና ነው የሚታየው። እናቴ ጥሬውን ቡና ታፈስስና በሁለት እጇ ታንገዋልለዋለች። ገለፈቱ ወደ ጠርዙ ሲሰበሰብ እፍ ትልበታለች፤ ከዚያ ጥቁሩንና የተሰባበረውን በጣቷ እየለየች ትጥላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗ እኛ ላይ እንጂ ሰፌዱ ላይ አልነበረም። ሰፌዱ ከዓመታት ብዛት ጠቆር ብሏል፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋው አሁንም ቡና ቡና ይሸታል።

ጓዳ ውስጥ ሰቅዬው ቆይቶ ባለፈው ክረምት ሳወርደው ጠርዙ ስንዝር ያህል ተተርትሮ አገኘሁት። ጀርባው ላይም ሻጋታ ወጥቶበታል። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እርጥበቱ ጫማም መጽሐፍም አይምርም። ድሮ ሰፌዱና እንቅቡ ማድቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእሳቱ አጠገብ የሚሰቀለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጭሱ ያደርቀዋል። እኔ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አሁን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር የስፌት ዕቃዎቼን ሁሉ አውጥቼ ነፋስ የሚነካው ጥላ ሥር አሰጣቸዋለሁ።

ልጥለው አልቻልኩም። ለጎረቤታችን ለእማማ ወሰድኩላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሰፈራችን እናት ናቸው፤ በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፣ ሁለቱም ቋንቋ አፋቸው ላይ ይጣፍጣል። ሰፌዱን ተቀበሉኝና መጀመሪያ ያደረጉት መገልበጥ ነው። ፊቱን ለማየት አልቸኮሉም። ጀርባውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና "እናትሽ እጅ ነበራት" አሉኝ። ቀጥለውም "ፍቺው" አሉ።

"እማማ፣ እንዲሰፉልኝ እኮ ነው ያመጣሁት።"

"እኔ ከሰፋሁትማ የእኔ ሰፌድ ሆነ። ፍቺው ልጄ፣ ደህናው ጋ እስክትደርሺ ፍቺው። እጅሽ መንገዱን ይየው።"

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ መፍታት ጀመርኩ። እስከዚያች ማታ ድረስ ሰፌድ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ስንቱን ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ። አላውቅም ነበር። ሰፌድ ከመሃል እስከ ጠርዝ የማይቆረጥ አንድ ረጅም ገመድ ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በራሱ ላይ እየዞረ የሚሄድ የሳር እስር። በዚያ እስር ላይ ሌላ ሳር ይጠመጠምበታል። ጠምጣሚው ሳር በዞረ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ዙር በስቶ ያልፋል፤ ሁለቱን ዙሮች የሚያያይዛቸው ያ ብቻ ነው። ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ። የውስጡ እስር እንዳይሳሳ፣ አንዱ ሳር ሊያልቅ ሲል ሌላው ቀድሞ ይገባል። እናቴ የጨመረችበትን ቦታ ሁሉ እየፈታሁ አየሁት። የጨመረችው አልቆባት አይደለም፤ ገና ሳያልቅ ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ስደርስ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ የላስቲክ ክር ነው። አራት ጣት በሚያህል ቦታ ላይ በሳር ፋንታ እርሱ ተጠምጥሟል፤ በላዩ ላይ የመጣው ዙር ሸፍኖት ስለነበር ከውጭ አይታይም። ለካ እናቴም ይህን ጠርዝ አንድ ጊዜ ጠግናው ኖሯል። መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሳር ያጣችበት ክረምት ይሆን? እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ገበያ ለመውጣት ጊዜ ያጣችበት ሳምንት ይሆን? ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ።

አዲስ ዕቃ ለመሥራት ብነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ ከየት አገኘው ነበር? ስልክ ላይ ስፌት የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ብዙውን አይቻለሁ፣ ጠቅሞኛልም። ነገር ግን ቪዲዮው የእጁን እንቅስቃሴ እንጂ የሳሩን ጥብቀት አያሳይም። ጥብቀቱን ያወቅሁት ከእናቴ ስፌት ላይ አንዱን ጥምጥም ለመፍታት ስታገል ነው።

ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። የሂርማታ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ ወደ ከፋ በሚያልፈው የነጋዴ መንገድ ላይ የታወቀ ነበር፤ ጅማ የምንላት ከተማም ከዚያ ገበያ ነው የበቀለችው። ስንደዶና አክርማ የሚባለውን ሌላ የስፌት ሳር፣ ደግሞም አንድ መብሻ ወስፌ ገዛሁ። ሻጯ እናት እስሩን ፈትተው አንድ አንዱን እየመዘዙ አሳዩኝ። አንጓ የሌለውን፣ ረጅሙንና የሚያብለጨልጨውን ምረጪ፣ አንጓ ያለው ሲታጠፍ ይሰበራል አሉኝ። የተቀለመው አለላም ነበር፣ ቀዩና አረንጓዴው ዓይን ይስባል። አልገዛሁም። ቀለም የሚያስፈልገው እጅ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ የተጣመመ ዙር በቀይ ሲሠራ መጣመሙ ከሩቅ ይታያል።

እማማ ሰፌዱን እንድነካ ገና አልፈቀዱልኝም። "መጀመሪያ ማቶት ሥሪ" አሉኝ። የጀበና ማስቀመጫዋን ክብ ማለታቸው ነው። ይህን ምክራቸውን ለሁላችሁም አስተላልፋለሁ፤ ለጀማሪ ከማቶት የተሻለ ሥራ አላውቅም። ስፌት ላይ ከባዱ መሃሉን መጀመር ነው፤ ሳሩን አጥብቆ አጥፎ የመጀመሪያዋን ትንሽ ክብ መዝጋት። ማቶት ደግሞ መሃሉ ክፍት ነው፤ ቀለበት ሠርታችሁ በላዩ ላይ መዞር ነው። በጥቂት ማታ ያልቃል፣ ቢወላገድም ጀበና ይሸከማል።

ሦስት ማቶት ሠራሁ። የመጀመሪያው ላይ ሳሩ እንዲለሰልስ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ስሰፋው እንደ ክር ታዘዘልኝ፣ ደስም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ግን ሳሩ ቀጥኖ ጥምጥሙ ሁሉ ላላ። ውኃ የጠጣ ሳር ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ስፌቱን ያላላዋል። አሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለጥቂት ጊዜ ብቻ አቆየዋለሁ፤ ሲታጠፍ የማይሰበር ከሆነ በቃው። ሁለተኛውን ደግሞ አላላለሁ ብዬ ስፈራ ከመጠን በላይ ሳብኩት፣ ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ ጎድጓዳ ሆነ። እማማ አይተው፣ ጎድጓዳ ዕቃ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፣ አሁን ሙዳይ እንዴት እንደሚቆም አወቅሽ አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ዛሬም ጀበናዬ ይቀመጣል።

ወስፌውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጫፉ ወደ ጣታችሁ እንዳይመጣ ከዕቃው ጀርባ ያለው እጃችሁ ሁልጊዜ ከሚበሳው ቦታ ራቅ ይበል። እኔ ግራ እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ።

ፍተልንም ሞክሬ ነበር። እንዝርትና አመልማሎ ገዝቼ አንድ ወር ያህል ተቀመጥኩበት። ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። አሁን አቁሜዋለሁ። ሁሉንም በአንዴ መያዝ እንደማይቻል ነው የገባኝ፤ አንድ ሥራ እጅ ላይ እስኪቀመጥ ሌላውን ማቆየት ያስፈልጋል።

ወንድሜ ደግሞ እንጨት ነው የጀመረው። ጅማ ሙዚየም ሄዶ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ዕቃዎች ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። እርሱም ያንን እሠራለሁ አለ። የዋንዛ ግንድ ገዛ፣ መሮና መጥረቢያ አሳለ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር እንደ ቅቤ ተጠረበለት፤ ደረቅ ወራት መጥቶ ሲደርቅ ግን ከመቀመጫው እስከ እግሩ ተሰነጠቀ። ብዙ አዘነ። ከዚያ በኋላ ነው የአባታችንን መጥረቢያ የተሰበረ እጀታ እንዲተካ የነገርኩት። አሮጌውን እጀታ ይዞ፣ እንጨቱ በተፈጥሮው የሚሰነጠቅበት መስመር በእጀታው ርዝመት ቀጥ ብሎ ሲሄድ አየ፤ አባታችን እንጨቱን እንዴት እንደመረጠ ከዚያው ተማረ። አሁን ማማሰያ ይሠራል፣ ሁለቱን ለእኔ ሰጥቶኛል። በርጩማውን አልተወውም፤ አንድ ግንድ ጥላ ሥር አድርቆ እየጠበቀ ነው።

አንድ የከነከነኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስንደዶዬን ያየች አንዲት የማከብራት ሰው "አንቺ የተማርሽ ሰው፣ ምን ቸግሮሽ?" አለችኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ንግግር ከሩቅ የመጣ ነው። በዚህ አገር ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን በሠሩልን ዕቃ እየበላንና እየለበስን ስንሰድባቸው ኖረናል። ቡዳ ብለን ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ለይተናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን "ምን ቸግሮሽ" በሚለው ውስጥ ዛሬም አለ። አልቸገረኝም። እናቴ የምታውቀውን ማወቅ ነው የምፈልገው። ይህንን "ምን ቸግሮሽ" ላለችኝም ሰው ነግሬያታለሁ፤ አሁን ሐሙስ ሐሙስ አብረን ነው ገበያ የምንወጣው።

ሌላው ብዙዎች የሚጠይቁኝ "ይሸጣል ወይ?" የሚለውን ነው። ይሸጣል። እጃቸው የተፈታ ሴቶች ኑሯቸውን ይደግፉበታል፤ እሰየው። ለጀማሪ ግን ዋጋ ማሰብ እጅን ያቻኩላል፣ የተቻኮለ እጅ ደግሞ ያላላል። የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች ለራሳችሁ ቤት ሥሩ፤ በየቀኑ ስትገለገሉባቸው የት ጋ እንደሚላሉ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሰፌዱን በመጨረሻ ሰፋሁት። የተፈታውን ሁለት ዙር መልሼ በአዲስ ሳር አዞርኩት። አዲሱ ሳር ወርቃማ ነው፣ አሮጌው ጥቁር ቡናማ፤ የት ጋ እንደጀመርኩ ማንም ያውቃል። የላስቲኩን ክር አልፈታሁትም። እርሱ ጋ ስደርስ ከጎኑ አልፌ የእኔን ዙር በላዩ ላይ አሳለፍኩበት። እንደ በፊቱ ተሸፍኗል።

ባለፈው እሑድ ለእማማ ወሰድኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ገለበጡት። ዝም ብለው ዙሩን በጣታቸው ተከተሉና አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። እኔም አውቄዋለሁ፣ እዚያ ጋ ላልቷል። ከዚያ ተነሱ፣ ወደ ጓዳ ገቡና በጣሳ ጥሬ ቡና ይዘው መጥተው ሰፌዱ ላይ አፈሰሱት።

"ልቀሚ" አሉኝ፣ "ከሰሉ ተያይዟል።"

ዝናቡም እያባራ ነው። ስንደዶዬን አውጥቼ ላስጣ። ቸር ሰንብቱ።